ዩኒፎርም ያስገባል፣ ማዮ ያስወጣል



አገር ቤት ሰው ለክረምቱ ጃንጥላና ቦቲ ጫማ ሲያዘጋጅ እዚህ በጋው ይገባል። ሺያህ ውስጥ ግንቦት ሲጋመስ የልብስ ሱቁ ሁሉ በር ላይ ማዮ ይሰቀላል። ለአዲስ መጪ እህቶች፣ ማዮ የሚሉት የዋና ልብስን ነው፤ ቃሉን ፈረንሳዮች ጥለውት የሄዱት ነው። ዘንድሮ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ልገዛ ተነሣሁና ሦስት እሁድ ዞርኩ። እፍኝ ለማትሞላ ጨርቅ ሦስት የዕረፍት ቀን! ኧረ ቤት ኪራይ ስፈልግ እንኳ እንዲህ አልተንከራተትኩም።

የምጽፍላችሁ ግን ስለ ድካሜ ብቻ አይደለም። ማታ ማታ ስልኬን ይዤ ሳነብ ይህቺ ጨርቅ ትልቅ ታሪክ እንዳላት፣ የእኛም ታሪክ ውስጧ እንዳለ አየሁ።

መጀመሪያ ግን መከራውን ልናገር፣ ይውጣልኝ። አንደኛ፣ ላይኛው ሲሆን ታችኛው አይሆንም። ደረቴ 38 ሲል ዳሌዬ 44 ይጠይቃል። ሁለቱን ለያይተህ ሽጥልኝ ስለው ሻጩ «ሴት ነው፣ አይለያይም» አለኝ። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ሴትማ ነኝ፣ እሱ ነው ችግሩ። (ስብስብ ነው ማለቱ ነው፤ ጓደኛዬ እስካሁን ትስቅብኛለች።) ሁለተኛ፣ መለካት አይቻልም። ሱቅ አል-አሃድ፣ ወንዙ ዳር ያለው የእሁዱ ገበያ፣ ሳልቫጁ ክምር ላይ ነው፤ መጋረጃም የለ መስታወትም የለ፣ በልብስሽ ላይ ደርበሽ ትገምቺያለሽ። ሺያህ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሻጩ ወንድ ነው። አንዱ ጋ ጥቁሩን አንስቼ ሳየው ቀና ብሎ «ለማዳምሽ ነው? ቁጥሯ ስንት ነው?» አለኝ። ለእኔ ነው አልኩት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ዝም ብሎ አልመጣለትም። ማዮና እኔ በአንድ አሳብ ውስጥ አልገጠምንለትም።

ሦስተኛው የሰውነት ነገር ነው። መጽሔቱ ላይ ያለችው ሴት ሆዷን መደበቅ ነው የምትፈልገው። እኔ ሆዴን እሺ፣ ክንዴ ላይ ያለውን የዘይት ቃጠሎ ምን ልሸፍነው? ሲፋቅ የኖረ ወለል ያጠቆረው ጉልበትስ? እግሬ ላይ ደም ሥሬ ገመድ ሆኗል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚያተኩስ ሰው እግር ነው። እጅጌ ያለውና እስከ ጭን አጋማሽ የሚወርደው አይነት ይሻለኛል ብዬ ነበር የወጣሁት፤ እሱም አለ፣ ግን የሚሸጠው መንገድ ተሻግሮ ነው፤ የመንገዱን ነገር ኋላ እመጣበታለሁ።

አራተኛው ያናደደኝ ነው። ከውስጥ የሚደረገው ስስ ገበርና የጡቱ ስፖንጅ «የቆዳ ቀለም» ይባላል። የማን ቆዳ? አንገቱ ጋ ብቅ ሲል እንደ ፋሻ ነጭ ሆኖ ይታያል። እኛ ላይ ቁስል የተጠቀለለ ይመስላል እንጂ ቆዳ አይመስልም።

አሁን ወደ ታሪኩ። የድሮ የአውሮፓ ሴቶች ባሕር የሚገቡት ከነቀሚሳቸው ነበር ማለት ይቻላል። ከሱፍ የተሠራ ረጅም ልብስ ከነካልሲው፤ ቀሚሱ ውኃ ላይ እንዳይንሳፈፍና እግር እንዳይታይ ጠርዙ ላይ ክብደት የሚሰፋበት ጊዜም ነበር። እናንተ ፎጣ ስታጥቡ ታውቁታላችሁ፣ ሱፍ ውኃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ። ይህን ለብሰሽ መዋኘት ሳይሆን አለመስጠም ነው ትግሉ። ጨርቁ ሲያጥር ደግሞ ፖሊስ መጣ። በ1922 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ አንድ ፖሊስ ተንበርክኮ የሴት የዋና ልብስ ከጉልበቷ ስንት ኢንች ከፍ እንዳለ በሜትር ሲለካ የሚያሳይ ፎቶ አለ። ከ6 ኢንች፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ካለፈ ክልክል ነው። ፎቶውን ሳየው መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ግን የእኛ ዩኒፎርም ትዝ አለኝ፤ እሱም በሰው ልክ የተለካ ነው፣ በባለቤቷ ልክ ሳይሆን።

ጨርቁን የለወጠው ኬሚስትሪ ነው። ናይሎን በ1935፣ የሚለጠጠው ላይክራ በ1958፣ ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ ዱፖንት በሚባለው ኩባንያ ተሠሩ። ዛሬ የምንገዛው ማዮ ሁሉ የእነዚህ ልጅ ነው። ስለዚህ ምክሬ፣ ስትገዙ በሁለት እጅ ወጥራችሁ ልቀቁት። ተመልሶ ከተሰበሰበ ላስቲኩ በሕይወት አለ፤ እንደ አሮጌ ካልሲ ከቀረ በነፃም አትውሰዱት። ወጥራችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ጣታችሁ ከታየ ውኃ ውስጥ ሌላውም ይታያል። ክሎር ደግሞ ላስቲክ ይበላል፣ ይህን ለእናንተ ማስተማር አያስፈልገኝም፤ ከገንዳ ስትወጡ ወዲያው በንጹሕ ውኃ።

ቢኪኒ የሚባለውን ደግሞ ስሙት። ስሙ የደሴት ስም ነው። ሐምሌ 1946 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ቢኪኒ በሚባለው ደሴት የአቶሚክ ቦምብ ሞከረች፤ ነዋሪዎቹን አስቀድማ አስነሥታ ነበር። በዚያው ሳምንት፣ ሐምሌ 5፣ ሉዊ ሬአር የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ፓሪስ ሞሊቶር የዋና ገንዳ ላይ አዲሱን ልብሱን አሳየና የደሴቲቱን ስም ሰጠው። ሞዴሎች ይህን አንለብስም ስላሉት ሚሼሊን በርናርዲኒ የምትባል የካዚኖ ደ ፓሪ ዳንሰኛ ቀጠረ። ልብሱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማሳየት ክብሪት ሳጥን ውስጥ ይገባል ተባለ። ከቤታቸው የተነሡትን የደሴቱን ሰዎች ግን ቢኪኒ ሲባል የሚያስታውሳቸው የለም። ሰው ከቤቱ ሲነሣ ስሙ ብቻ ለሌላ ነገር እንደሚቀር እኛ እናውቃለን።

ቤሩት ይህን ፋሽን ፈጥና ተቀበለች። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ባሕር ዳርቻዋ በዓለም የታወቀ ነበር። በ1971 ጆርጂና ሪዝቅ የምትባል ሊባኖሳዊት ማያሚ ቢች ላይ ሚስ ዩኒቨርስ ሆነች፤ ከአረብ አገር የመጀመሪያዋ ናት። ለእኛ ሰፈር የሚቀርቡት ጅናህ ላይ የነበሩት ሴን ሲሞንና ሴን ሚሼል ነበሩ፤ የሀብታም መዝናኛ ነበሩ፣ ትንንሽ ቤቶች የተደረደሩባቸው። ጦርነቱ ሲመጣ፣ በ1976 መጀመሪያ ከካራንቲና የተፈናቀሉ ሰዎች እነዚያ የዋና ቤቶች ውስጥ ገብተው ኖሩ። ማዮ ይሰቀልበት የነበረ ሚስማር ላይ የልጅ ዳይፐር ተሰቀለ ማለት ነው።

ሺያህም የዚያ ጦርነት መጀመሪያ ናት። ዓይን አር-ሩማነህና ሺያህ በአንድ ማዘጋጃ ቤት የሚጠሩ ጎረቤቶች ናቸው። ሚያዝያ 13 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. ዓይን አር-ሩማነህ ላይ ፍልስጤማውያን የተሳፈሩበት አውቶቡስ ተመታና አገሩ ለ15 ዓመት ተቀጣጠለ። በመካከላቸው ያለው የድሮው የሳይዳ መንገድ የተኩስ መስመር ሆነ። ዛሬ መንገዱ ላይ ሰርቪስ ይጮሃል፣ ሰውም ይሻገራል፣ የማዮው ነገር ግን አሁንም ሁለት ነው። ከመንገዱ በዚህ በእኛ በኩል ሱቁ በር ላይ የሚሰቀለው ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነው ነው። ተሻግረሽ ሄደሽ ደግሞ በክር የሚታሰረው ይሰቀላል። እጅጌ ያለው፣ ጭን የሚሸፍን፣ ፀጉር የማይሸፍን መካከለኛ ስፈልግ ከሁለቱም ወገን «ይህ የለንም» እየተባልኩ ነው ሦስቱ እሁድ ያለቀው። ምን አለፋችሁ፣ የመንገዱ መሐል ላይ ቆሜ ነበር የምገዛው።

የሚሸፍነው፣ ቡርኪኒ የሚባለውም የሊባኖስ ልጅ ሥራ ነው። አሄዳ ዛኔቲ ትሪፖሊ ተወልዳ አውስትራሊያ ያደገች ናት፤ ዘመዷ ሂጃብ አድርጋ ኳስ ስትጫወት ስትቸገር አይታ ስለ ስፖርት ልብስ ማሰብ ጀመረች፣ በ2004 ቡርኪኒን ሠራች። በ2016 አንዳንድ የፈረንሳይ ከተሞች ከለከሉት፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በነሐሴ እገዳውን አንዷ ከተማ ላይ አነሣው። እዚህም ሊባኖስ ቡርኪኒ የለበሰችን የማያስገቡ የግል ቦታዎች አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ግንቦት 2023 ሳይዳ የሕዝብ ባሕር ዳር ላይ አንዲት ሊባኖሳዊት ከባለቤቷ ጋር በዋና ልብስ ስለተቀመጠች ሰዎች ተሰብስበው ከዚያ አስነሥተዋታል፤ በሳምንቱ የደጋፊና የተቃዋሚ ሰልፍ ሆነ። አንዷ በሸፈነችው፣ አንዷ በገለጠችው። ስለዚህ ስትሄዱ ቦታውን እዩ፤ ሱር የሕዝቡ አሸዋ ላይ ሁሉም ዓይነት ይለበሳል፣ ራምለት አል-ባይዳ ግን አብዛኛዋ ሴት ከነልብሷ ነው የምትገባው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሌላ ሰው ነው። የእኛ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያ ቤቴ አራት በጋ ሠርቻለሁ። በየሳምንቱ መጨረሻ ልጆቹን ይዘን ወደ አንድ የግል ባሕር ዳርቻ እንሄዳለን። ማዳም መግቢያ ከፍላ ትገባለች፣ እኔ በሮዝ ዩኒፎርሜ ቦርሳውን፣ ፎጣውን፣ ክሬሙን፣ ፍራፍሬውን ይዤ እከተላለሁ። በሩ ላይ ማንም አላስቆመኝም። ዩኒፎርሙ ነው ትኬቴ። ከዚያ የገንዳው ጠርዝ ላይ በ35 ዲግሪ ፀሐይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ትንሿ ልጅ ነይ ብላ እጄን ስትጎትተኝ ጫማዬን አውልቄ እግሬን እስከ ቁርጭምጭሚት ነከርኩ። ጠባቂው ፊሽካ ነፋ። ሰው ሁሉ ዞረ። ማዳም በኋላ መኪና ውስጥ «የእኔ ሕግ አይደለም፣ የእነሱ ነው» አለችኝ፤ እውነቷን ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ውኃው ውስጥ እግሩን ያጠበ ውሻ ግን አይቻለሁ፣ ለእሱ አልተነፋም።

ይህ የእኔ ዕድል ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2009 ሊባኖስ ውስጥ 27 የግል ባሕር ዳርቻዎችን ጠይቆ 17ቱ የቤት ሠራተኞች እንዳይዋኙ እንደሚከለክሉ አገኘ። በ2010 በጋ ወጣት ሊባኖሳውያን ከአንዲት የማዳጋስካር ልጅ ጋር ወደ አንድ ታዋቂ የግል ባሕር ዳርቻ ሄደው ስትከለከል በድብቅ ካሜራ ቀረፁ። ቪዲዮው አገር አዳረሰ፤ ከዚያ ነው ፀረ-ዘረኝነት ንቅናቄ የሚባለው የተወለደው፤ ብዙዎቻችን እንግሊዝኛና ኮምፒውተር የተማርንበትን የስደተኞች ማዕከል የከፈቱት እነሱ ናቸው። በ2012 የቱሪዝም ሚኒስቴር ሁሉም ባሕር ዳርቻዎች በዘርና በዜግነት ሳይለዩ ሰው እንዲያስገቡ መመሪያ አወጣ። ከመመሪያው በኋላም እየሄዱ ሲሞክሩ ከበር የሚመለሱ ነበሩ። «የአባላት ብቻ ነው»፣ «ዛሬ ሞልቷል»። ቃሉ ተቀየረ።

ልብ በሉ፣ የተከለከልነው መግባት አይደለም። በዩኒፎርም ገብተናል፣ እንዲያውም እንፈለጋለን፣ ልጁን ማን ይይዛል? የተከለከለው ማዮ መልበስ ነው። ዩኒፎርም የለበሰች ሠራተኛ ናት። ማዮ የለበሰች ግን ደንበኛ ትሆናለች፣ ፎጣዋ ላይ ትጋደማለች፣ አጠገቧ ያለችው ማዳም ማን ማን እንደሆነ አታውቅም። ያስፈራው እሱ ይመስለኛል። ውኃው ይቆሽሻል የሚሉት ሰበብ ነው፤ የልጆቻቸውን ምግብ የምታበስለው እጅ ያው ነው።

ደግሞ ሊባኖስ ብቻ አይደለችም። ደቡብ አፍሪካ በ1953 ባወጣችው ሕግ ባሕር ዳሩን ሳይቀር ለነጭና ለጥቁር ለይታ ነበር፤ ሕጉ እስከ 1990 ቆየ። አሜሪካ ውስጥ ሰኔ 18 ቀን 1964 ሴንት ኦገስቲን ከተማ ጥቁሮችና ነጮች አብረው የአንድ ሞቴል ገንዳ ውስጥ ሲገቡ ሥራ አስኪያጁ አሲድ አምጥቶ ውኃው ውስጥ ደፋ። ፎቶው አለ፤ የልጆቹን ፊት እዩት።

የሚገርመው ባሕሩ የማንም አለመሆኑ ነው። በፈረንሳዮች ጊዜ በ1925 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 144፣ በክረምት ማዕበሉ እስከሚደርስበት ድረስ ያለው ዳርቻ የሕዝብ ነው ይላል። በ1966 የወጣ ድንጋጌ ነው ለባለሀብት መጠቀሚያ በር የከፈተው። ከዚያ አጥር በአጥር ላይ ሆኖ ቤሩት ውስጥ የቀረው የሕዝብ አሸዋ ራምለት አል-ባይዳ ብቻ ነው። ስሙ ነጭ አሸዋ ማለት ነው፤ ፍሳሽ ስለሚገባበት መዋኘቱን አልመክርም።

መስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ዳሕየህ ሲደበደብ ግን እዚያው አሸዋ ላይ ነበር የተኛነው። ከሺያህ በሌሊት ወጥተን፣ አንዷ ነጠላ ጫማ፣ አንዷ ባዶ እግሯን። አሠሪ በር ቆልፎባት ሸሽቶ በመስኮት የወጣች ልጅም ከእኛ ጋር ነበረች። ብዙ መጠለያዎች ለሊባኖሳውያን ብቻ ነው እያሉ ይመልሱን ነበር። ባሕሩ ግን አጠገባችን ነው፣ ፊሽካ የሚነፋ የለም። ጠዋት ፊቴን በጨው ውኃ ታጠብኩና ወደ ፊት ሄድኩ፣ እስከ ጉልበቴ፣ እስከ ወገቤ፣ ከነሱሪዬ። ስምንት ዓመት ሊባኖስ ኖሬ ያን ቀን ነው ባሕር የገባሁት። ሰላም ሲሆን በሥርዓቱ ለብሼ እገባለሁ ያልኩት ያኔ ነው፤ የዘንድሮ ሦስት እሁዶች ከዚያ የመጡ ናቸው።

እኛ እኮ ለውኃ እንግዳ አይደለንም። ወንዝ ወርደን ልብስ እያጠብን ያደግን ነን። የሶደሬ ፍል ውኃ አለ፣ ሐዋሳ አለ፣ ጣና አለ። ግን ጎንደር ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ዘለው የሚገቡት በብዛት ወንዶች ናቸው፤ እኛ ዳር ቆመን እልል እንላለን። ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። ስለዚህ ሱር ስትሄዱ ከደረት አትለፉ፣ ባሕሩ ወደ ውስጥ ይስባል።

ስለ ፀጉርም ጠይቃችሁኝ ነበር። ተራው የዋና ቆብ ሹሩባ ላይ አይገባም፤ የተሠራው ለእኛ አይደለም። ሶል ካፕ የሚባል ለሹሩባና ለድሬድ የሚሆን ሰፊ ቆብ እንግሊዞች ሠርተው ነበር፣ በ2021 የዓለም ዋና ፌዴሬሽን ለኦሎምፒክ አይሆንም ብሎ ከለከለው፣ ብዙ ጩኸት ሆነና በ2022 መስከረም ፈቀደው። እዚህ ሱቅ ውስጥ አላየሁትም። እኔ ቁንጮዬን አስሬ፣ ዘይት ቀብቼ ሻሽ ነው የማስርበት።

በመጨረሻ አራተኛው እሁድ ቡርጅ ሐሙድ ላይ አገኘሁት። ጥቁር፣ ባለ እጅጌ፣ ቁምጣ ያለው፣ 44 ቁጥር። 25 ዶላር አለ፣ በ18 ተስማማን። ሊራው 1,507 በነበረበት ጊዜ ይህ 27 ሺህ ሊራ ነበር፣ አሁን ከሚሊዮን ተኩል በላይ ነው፤ ለዚያ ነው ሁሉም በዶላር የሚያወራው። ክንዱ ላይ ጠባሳዬን ይሸፍናል። ጉልበቴን አይሸፍንም፣ ይታይ።

ገበሩ ግን ያው ፋሻው ቀለም ነው። ስፖንጁን አወጣሁ፣ ገበሩን ገልብጬ ለብ ባለ ወፍራም ሻይ ውስጥ አሳደርኩት። የፈላ እንዳታደርጉ፣ ላስቲኩ ይሞታል። ሻዩ ላይ ትንሽ ጨው ጨምሩበት። ጠዋት አውጥቼ በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩና ክንዴ ላይ አድርጌ አየሁት፤ ትንሽ ይቀረዋል፣ ዛሬ ማታ ደግሜ እነክረዋለሁ።